ፍሬን የሌለው ባቡር፦ ስፓይደርማን አንድ ወይስ ሁለት?

መልሱን ከፊት ልንገራችሁና እንገላገል፤ ሁለተኛው ይበልጣል። «ክፍል ሁለት ምንጊዜም ውራ ነው» የምትሉ ሰዎች አላችሁ። ለአብዛኛው ፊልም እውነታችሁን ነው። ለዚህ ግን አይሠራም።

የማወራው ስለ ድሮዎቹ ስፓይደርማኖች ነው። ሳም ሬይሚ ያዘጋጃቸው፣ ቶቢ ማጉዋየር የተወነባቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ፤ በእኛ 1994 መሆኑ ነው። ሁለተኛው በ2004፣ በእኛ ሰኔ 1996።

እኔ ሹፌር ነኝ። ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እሠራለሁ። መኪናው የሰው ነው። ማታ ማታ ለባለቤቱ ሒሳብ አስገባለሁ፤ የተረፈው የኔና የረዳቴ ነው። ሹፌር ስለ ፊልም ምን አገባው የሚል ካለ፣ መናኸሪያ ቁጭ ብሎ ተራ ጠብቆ አያውቅም ማለት ነው። ረዳቴ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ሲጣራ፣ እኔ ስልኬን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፌ ፊልሜን አያለሁ። መኪናው ሲሞላ አጠፋለሁ። እየነዳሁ አላይም፤ ይሄ ይታወቅልኝ።

ደግሞ ሁለተኛው ስፓይደርማን የሠርቶ አዳሪ ፊልም ነው። ኪራይ አለበት፣ ማርፈድ አለበት፣ ከሥራ መባረር አለበት፣ ፍሬን አለበት። ስለ ፍሬን ደግሞ የፊልም ተንታኝ ነኝ ከሚል ሰው ይልቅ እኔን ብትሰሙ ይሻላል።

ሰሞኑን ሁለቱንም አከታትዬ እንዳይ ያደረገኝ የእህቴ ልጅ ነው። ልጁ የዘንድሮ ሰው ነው። ስፓይደርማን ሲባል በአዲሶቹ ፊልሞች የሚተውነው ቶም ሆላንድ ነው የሚመጣለት። የሁለተኛውን ፊልም ክፉ ሰው፣ ባለ አራት የብረት ክንዱን ዶክተር ኦክቶፐስን የሚያውቀው እንኳ በ2021 በወጣው፣ ሦስት ስፓይደርማኖች በተገናኙበት ፊልም ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ግን ከየት ነው የመጣው?» አለኝ። እንዴት ዝም እላለሁ? ፒያሳ ካለ ሱቅ በፍላሽ አስጭኜ ቧንቧ ውሃ እህቴ ቤት ሄድኩ። ቅዳሜ ማታ የመጀመሪያውን፣ እሑድ ከሰዓት ሁለተኛውን አየን። እህቴ ቡና እያፈላች አንድ ዓይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋ ነበር። ከሁላችንም የተሻለ አስተያየት የሰጠችውም እሷ ናት።

የመጀመሪያውን ድሮ ያየሁት ቪዲዮ ቤት ነው። በኔ ዕድሜ ያለ የደሴ ልጅ ቪዲዮ ቤት ነው ያደገው። አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር መጋረጃ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም። እንግሊዝኛው አይገባንም። የሚገባን ዝላዩና ድብድቡ ነው። አክተሩ ድር ሲተኩስ ቤቱ በፉጨት ይናጋል። አጎቱ መንገድ ላይ ወድቆ ፒተር፣ ማለትም ስፓይደርማን ራሱ፣ ሲያለቅስ ግን ከኋላ ያሉት «አሳልፈው! አሳልፈው!» ብለው ይጮኻሉ። ባለቤቱም ያሳልፈዋል። ደንበኛ ንጉሥ ነው። እንዲህ ሆኖ የሁለቱም ፊልሞች መሠረት የሆነችውን ቦታ ለዓመታት በደንብ ሳላያት ቀረሁ።

አሁን ተረጋግቼ ሳየው፣ የመጀመሪያው ፊልም የፊተኛው አንድ ሰዓት ግሩም ነው። ፒተር ፓርከር ወላጆች የሉትም። ኩዊንስ በሚባለው የኒውዮርክ ክፍል አጎቱና አክስቱ ያሳድጉታል። ትምህርት ቤት መሳቂያ ነው። ገና ሲጀምር አውቶቡስ ጥሎት ሲሄድ እየሮጠ ይከተላል፤ አቁሙለት የምትለው የሚወዳት የጎረቤቱ ልጅ ሜሪ ጄን ብቻ ናት። እኔ ብሆን ድሮ አቁሜለታለሁ፤ አንድ ሰውም ሰው ነው፣ ሒሳብ ነው።

ከዚያ ላቦራቶሪ ሊጎበኙ ሄደው ዘረመሏ የተቀየረ ሸረሪት ትነክሰዋለች። ታሞ ያድራል። ጠዋት ሲነሳ መነጽር አያስፈልገውም፣ ደረቱ ሞልቷል፣ ግድግዳ ይወጣል። ይሄ ክፍል ደስታ ብቻ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሜሪ ጄን አዳልጧት ስትወድቅ በአንድ እጁ እሷን፣ በሌላው እጁ ደግሞ ትሪውን ይዞ ከአየር ላይ ምግቧን ሁሉ የሚቀልብባት ቦታ አለች። ያቺ የኮምፒውተር ሥራ አይደለችም። ትሪውን እጁ ላይ በሙጫ አጣብቀው፣ ከመቶ ጊዜ በላይ ቀርጸው ነው የተሳካችላቸው ይባላል። የእህቴ ልጅ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ወደኋላ እየመለሰ አያት። እምነቱን አልቀየረም።

ከዚያ ገንዘቡ ይመጣል። ፒተር መኪና መግዛት አማረው፤ ሴት ልጅ የሚጋብዝበት። ሦስት ደቂቃ ለቆየ 3,000 ዶላር የሚል የነፃ ትግል ማስታወቂያ አየ። ገባ። ግዙፉን ታጋይ ቶሎ ዘረረው። አዘጋጁ ግን 100 ዶላር ብቻ አወጣለት። ሦስት ደቂቃ አልሞላህም ብሎ! ሠርቶ ሒሳቡን የተነጠቀ ሰው ይሄን ንዴት ያውቀዋል። ወዲያው አንድ ሌባ ያንኑ አዘጋጅ ዘርፎ ሲሮጥ ፒተር ገለል ብሎ ያሳልፈዋል። እኔንስ ምን አገባኝ ነው ነገሩ። ያ ሌባ ውጭ ወጥቶ፣ ፒተርን ሊወስደው መጥቶ የቆመውን አጎቱን ገድሎ መኪናውን ይዞ ሄደ። በመኪና የተነሳ የሚሞት ሰው እኔ ላይ ከሌላው ተመልካች ይልቅ ይከብዳል መሰለኝ።

ከዚህ በኋላ ፊልሙ ይወርዳል። ምክንያቱ ጎብሊኑ ነው፤ የዚህኛው ፊልም ክፉ ሰው።

የሚጫወተውን ዊለም ደፎን አስቡት። ያ ፊት! መስተዋት ፊት ቆሞ ከራሱ ጋር ሲያወራ፣ አንዴ ፈሪ አባት አንዴ ሰይጣን ሲሆን፣ ምንም ሜካፕ ሳይቀየር ሁለት ሰው ነው የምታዩት። ከሁለቱም ፊልሞች ምርጥ ትወና የቱ ነው ብትሉኝ እሱን ነው የምጠራው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ቀጥረው፣ በድብድቡ ጊዜ ሁሉ ፊቱን በማይንቀሳቀስ አረንጓዴ የራስ ቁር ሸፈኑት። አንድ ቦታ ሰገነት ላይ ሁለቱ ቁጭ ብለው ቁም ነገር ያወራሉ። ሁለቱም ጭምብል አድርገዋል። ድምፅ ብቻ። እኛ ቤት ልክ እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። ማንም አልተናደደም። እህቴ ሻማ ፍለጋ እንኳ አልቸኮለችም።

የኮምፒውተር ሥራውም በዚህኛው ላይ አርጅቷል። ስፓይደርማን ከጣራ ጣራ ሲዘል አንዳንዴ አጥንት ያለው አይመስልም። ለጊዜው ግን ዓለምን ያስደነቀ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ የመጀመሪያው ፊልም ይሄ ነው።

ድልድዩ ላይ ያለውን ትዕይንት ግን ላወድስ። ጎብሊኑ በአንድ እጁ ሜሪ ጄንን፣ በሌላው ሕፃናት የሞሉበትን የገመድ ላይ ጋሪ አንጠልጥሎ ምረጥ ይለዋል። ፒተር ሁለቱንም ያዘ። ጎብሊኑ ሊጨርሰው ሲል ከድልድዩ ላይ ተራው ሕዝብ ያገኘውን ነገር ይወረውርበት ጀመር። አንዱን ከነካህ ሁላችንንም ነካህ እያሉ። ፊልሙ የወጣው ኒውዮርክ ከተመታች ከስምንት ወር ገደማ በኋላ ነው። ጥቃቱ በእኛ የ1994 እንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። በጥቃቱ የፈረሱት ሁለቱ ሕንፃዎች መሃል ድር ተዘርግቶ ሄሊኮፕተር ሲያዝ የሚያሳየው ማስታወቂያቸውም በዚያው ምክንያት ተነስቷል። ይሄን አውቃችሁ ስታዩት የሚወረወረው ዕቃ ሌላ ስሜት ይሰጣል። ይህችን ትዕይንት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው።

ሲጀምር በሥዕል ነው። የመጀመሪያውን ፊልም ታሪክ በስም ዝርዝሩ መሃል አሌክስ ሮስ በሣላቸው ሥዕሎች ያስታውሳችኋል። ከዚያ ፒተር ፒዛ አድራሽ ሆኖ ይመጣል። በቃ፤ ዓለምን ያዳነው ሰውዬ በሞተር ሳይክል ፒዛ ያደርሳል። ቤቱ 29 ደቂቃ ውስጥ እናደርሳለን ብሎ ቃል ገብቷል። መንገዱ ተጨናንቋል። ልብሱን ቀይሮ በድር እየበረረ ሄደ። መሃል ላይ ሁለት ሕፃናት ኳስ ተከትለው መኪና ፊት ገቡ፤ እነሱን አነሳ። ሲደርስ ረፍዷል። የተቀበለችው ልጅ አልከፍልም አለች። አለቃው አባረረው።

እንግዲህ ለምን አረፈድክ ቢባል ምን ይላል? እኔም ሐረጎ ላይ የተገለበጠ ከባድ መኪና መንገድ ዘግቶብኝ አርፍጄ ተሳፋሪ ሲሰድበኝ ያውቃል። ግን ቢያንስ ምክንያቴን እናገራለሁ። ፒተር ምክንያቱን መናገር አይችልም። ፊልሙን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር እዚህ ላይ ነው ያለው። በመጀመሪያው ፊልም ኃይል ስጦታ ነው፤ በሁለተኛው ወጪ ነው። በየቀኑ የሚከፈል።

ተከታትሎ የሚመጣውን ደግሞ እዩ። አከራዩ በሩን በከፈተ ቁጥር «ኪራይ!» ይላል። መምህሩ ሁልጊዜ ታረፍዳለህ፣ ልትወድቅ ነው ይለዋል። ጋዜጣ ቤት ፎቶ ይሸጣል፤ የራሱን ፎቶ፣ ራሱን ወንጀለኛ ብሎ ለሚጽፍ ጋዜጣ። አለቃው ጄ. ጆና ጄምሰን ነው። ጄ.ኬ. ሲመንስ ይሄን ሰውዬ ሲጫወተው ትንፋሽ አይወስድም። የፎቶውን ሒሳብ ሲወስንለት ጸሐፊዋ ምን ትለዋለች? ቀድሞ የወሰድከውን ብድር እንኳ አይሸፍንም። እዚህ ላይ ረዳቴ ቢኖር ኖሮ ተነስቶ ያጨበጭብ ነበር።

ልብሱን ደግሞ ሕዝብ ማጠቢያ ቤት ወስዶ ከነጭ ልብሶቹ ጋር አንድ ላይ ያጥበዋል። ቀዩና ሰማያዊው ለቀቀ። እህቴ «ለብቻው ዘፍዝፎ በቀዝቃዛ አያጥበውም ነበር?» አለች። በጣም ተናዳለች። ለሰው ልጅ መዳን ሳይሆን ለልብሱ።

አክስቱ ሜይን የምትጫወተው ሮዝሜሪ ሃሪስ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቷን ዕዳ መክፈል አቅቷት ቤቱ ሊወሰድ ነው። በዚህ መሃል የፒተር ልደት ሆነና 20 ዶላር ትሰጠዋለች። አልቀበልም አለ። ጮኸችበት፤ ያዘው፣ ብዙ አይደለም እኮ ብላ። ከዚያ ራሷ ደንግጣ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ነገር በጀግና ፊልም ውስጥ አይቼ አላውቅም። ድሃ አክስት ስትሰጥህ አልፈልግም ማለት ደግነት እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው። እህቴ ረከቦቱን ትታ ቁጭ ብላ ያየችው ከዚህ ጀምሮ ነው።

ፒተር በመጨረሻ ሰለቸው። ኃይሉም መክዳት ጀመረ፤ ድሩ አልወጣ አለ፣ ዓይኑ ደከመ፣ ከግድግዳ ወደቀ። ልብሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎ ሄደ። ከዚያ የሚመጡት ደቂቃዎች ያስቃሉ። በሰዓቱ ክፍል ይገባል፣ ጥያቄ ይመልሳል፣ እየበላ ሲሄድ ሳይረን ሲሰማ ዝም ብሎ ያልፋል። ደስተኛ ነው። ፊልሙ ደስታውን አይነፍገውም። ቀጥሎ ግን ቅያስ ውስጥ ሰው ሲደበደብ አይቶ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ፣ ያ የመጀመሪያው ፊልም ሌባ ትዝ ይላችኋል።

ከዚህ በኋላ ነው የአክስቱ ማዕድ ቤት። ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰው። አጎቴ የሞተው በኔ ነው ይላታል። ሌባውን ማስቆም እችል ነበር፣ ለቀቅኩት። እጁን ይዛው ነበር። ቀስ ብላ እጇን ሳበች። ተነሳች። ምንም ሳትናገር ደረጃውን ወጥታ ሄደች። ሙዚቃ የለም፣ ጩኸት የለም። በኔ ግምት ከሁለቱ ፊልሞች ትልቁ ምት ይሄ ነው፤ ማንም ግን አልተመታም። ይህን ትዕይንት የመጀመሪያውን ያላየ ሰው ያየዋል እንጂ አይሰማውም። ቪዲዮ ቤት «አሳልፈው» የተባለው ክፍል ነው እዚህ የሚከፈለው። ስለዚህ ሁለተኛው ይበልጣል ስል የመጀመሪያው ይቅር ማለቴ አይደለም።

አሁን ባቡሩ።

ኮምቦልቻ የባቡር ጣቢያ አላት። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚሄደው መስመር ነው። ሐዲዱ ከተዘረጋ ዓመታት አለፉ፤ የምንሳፈርበት ባቡር ግን አላየንም። ለኔ ሥራ ጥሩ ነው፣ ለከተማው ግን አይደለም። ስለዚህ ስለ ባቡር አውቃለሁ አልልም። ቁልቁለት ግን አውቃለሁ።

ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850። መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ ሐረጎ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ይሄን ሁሉ በፍሬን ብቻ ልውረደው ያለ ሹፌር መጀመሪያ የፍሬን ሸራው ሽታ ይመጣበታል። ከዚያ ፔዳሉ ይለሰልሳል። ከዚያ መሬት ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ለዚህ ነው ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ የሚወረደው። ክብደት በአንድ ጊዜ አይቆምም፤ ቀስ እያለ፣ ሸክሙ ተከፋፍሎ ነው የሚያዘው።

ፊልሙ ውስጥ ዶክተር ኦክቶፐስ የባቡሩን መቆጣጠሪያ ነቅሎ ሰብሮ ዘሎ ይሄዳል። ባቡሩ ከመሬት ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ ይበራል። ሐዲዱ ደግሞ ፊት ለፊት ያልቃል። የፒተር ጭምብል ተቃጥሎ አውልቆታል፤ ፊቱ ይታያል። መጀመሪያ ምን አደረገ? እግሩን አወረደ። ሐዲዱ ላይ ያሉት እንጨቶች ተራ በተራ ተሰባበሩ፣ ባቡሩ ግን ወይ ፍንክች። ሁለተኛ፣ ግራና ቀኝ ሕንፃዎች ላይ አንድ አንድ ድር ተኮሰ። ድሩ ያዘ፤ ግድግዳው ተገንጥሎ መጣ። እዚህ ላይ «አየህ!» ብዬ የእህቴን ልጅ ትከሻ መታሁት። ሸክሙን አንድ ቦታ ላይ ነው የጣለው። ሦስተኛ፣ ብዙ ድር፣ ብዙ ሕንፃ ላይ፣ ደጋግሞ ደጋግሞ ተኮሰና ሁሉንም ጨብጦ ያዘ። ድሩ እየተለጠጠ ይሄዳል። ባቡሩ ወዲያው አልቆመም። ረጅም ርቀት ወሰደ። ልብሱ ተቀደደ፣ ደረቱ ሊሰነጠቅ ደረሰ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

እውነቱን ለመናገር ሰው ክንዱ ይገነጠላል። ግን አሠራሩ ትክክል ነው። ይሄን ትዕይንት ያሰበው ሰው ፍሬን ምን እንደሆነ ያውቃል። ትዕይንቱ ብዙው የተቀረጸው ቺካጎ ነው፤ እንዲህ ከመንገድ በላይ ከፍ ብሎ በሕንፃ መሃል የሚሄድ ባቡር ያለው እዚያ ስለሆነ።

ሲቆም ፒተር ራሱን ስቶ ወደፊት ሊወድቅ ሲል፣ ከኋላው በተሰበረው መስኮት እጆች መጥተው ያዙት። ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ከራሳቸው በላይ አድርገው እየተቀባበሉ ወደ ውስጥ አስገቡት። መሬት አስተኙት። አንድ ሰውዬ ፊቱን አይቶ፣ ገና ልጅ ነው እኮ፣ ከልጄ አይበልጥም አለ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ጭምብሉን አምጥተው ሰጡት፤ ለማንም አንናገርም ብለው። ኦክቶፐስ ሲመለስ ተሳፋሪው ተነስቶ መሃል ቆመ። አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ እኔን እለፍ እያሉ። እሱ በብረት ክንዶቹ ገፍቷቸው አለፈ። ስንዝር እንኳ አላቆሙትም። መቆማቸው ግን ትርጉም አለው።

ያዙልኝ ያልኳችሁን የድልድዩን ሕዝብ አሁን አምጡት። በመጀመሪያው ፊልም ሕዝቡ ከላይ ሆኖ ዕቃ ይወረውራል። ጀግናው ሩቅ ነው፤ ማን እንደሆነ አያውቁም። በሁለተኛው ነኩት፣ ተሸከሙት፣ ፊቱን አዩት፣ ምስጢሩን ያዙለት። እኔ መኪና ላይ በየቀኑ የማላውቀው ሰው ይሳፈራል። ገንዘብ ሲያንሰው ሌላው የሚከፍልለት አለ፣ ሴትዮ ስትታመም ወንበር የሚለቅላት አለ። ተሳፋሪ እንዲህ ነው። ይህችን ያወቀ ፊልም ነው።

ስለ ኦክቶፐሱ ብዙ አልልም፤ አልፍሬድ ሞሊና ፊቱ አልተሸፈነም፣ ያ ብቻውን ጎብሊኑን ያስንቃል። ሚስቱን የሚወድ ሊቅ ነው፤ ሙከራው ከሽፎ እሷ ሞተች፣ አራቱ የብረት ክንዶች ጀርባው ላይ ቀሩ። ክንዶቹ ሁሉም ኮምፒውተር አይደሉም። ብዙ ቦታ ላይ ሰዎች ከጀርባ ሆነው የሚያንቀሳቅሷቸው እውነተኛ ዕቃዎች ናቸው። ለዚያ ነው ክብደታቸው የሚሰማው። ፊልሙ በልዩ የምስል ቅንብር (ቪዥዋል ኢፌክት) ኦስካር ወስዷል፤ ሲያንሰው ነው።

እንከን የለውም ወይ? አለው። የፒተር ኃይል ለምን እንደጠፋ በቅጡ አይነገረንም። ጭንቀት ነው ይመስላል፤ ጭንቀት ቢሆን ኖሮ እኛ ሹፌሮች ሁላችንም ዓይናችን በጠፋ። ኦክቶፐሱ መጨረሻ ላይ በጥቂት ቃል ልቡ ተመለሰ፤ ይሄም ፈጠነብኝ። ትንሽ ፀሐይ የሚያህል እሳት ወንዝ ውስጥ ነክሮ ማጥፋትም አለ። እሺ ይሁን።

ትልቁ እንከን ሜሪ ጄን ናት። ኪርስተን ደንስት ጥፋት የለባትም፤ ጽሑፉ ነው። በመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ክፉው ሰውዬ ይዟት ትጮኻለች። በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ሌላው ክፉ ሰውዬ ይዟት ትጮኻለች። ልጅቷ ሌላ ሥራ አጣች? በሁለተኛው ቲያትር ትሠራለች፣ የራሷ ስም ተሰቅሏል፤ ግን ፊልሙ ለዚያ ጊዜ የለውም። ደግሞ የጄምሰንን ልጅ፣ ጠፈርተኛውን፣ በሠርጉ ዕለት ቤተ ክርስቲያን አቁማው ቬሎዋን እንደለበሰች ሮጣ ወደ ፒተር ሄደች። የእህቴ ልጅ አጨበጨበ። እህቴ ጸጥ አለች፣ አሰበች፣ ከዚያ «ድግሱስ?» አለች። «በሬውስ? ድንኳኑስ? የልጁ እናት ምን ትሁን?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ደሴ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በሽማግሌ እንኳ አያልቅም።

በገንዘብ ከሄዳችሁ ሁለተኛው ብዙ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው ያስገባው። ይሄን የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ። እኔ መናኸሪያ ላይ በደንብ የሚሞላው መኪና የግድ ጥሩው መኪና እንዳልሆነ ስለማውቅ አይገርመኝም።

የእህቴ ልጅ አሁንም የ2021ዱ ይበልጣል ባይ ነው። ክርክራችን አላለቀም። አንድ ነገር ግን አመነ፤ የ2021ዱ ላይ ሞሊና ብቅ ሲል ሲኒማው ውስጥ ሰው ሁሉ ለምን እንደጮኸ አሁን ገብቶኛል አለ።

ልታዩ ካሰባችሁ በቅደም ተከተል እዩዋቸው። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ነው፣ ሁለተኛው ከሱ ትንሽ ይረዝማል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ሁለተኛው ላይ ሐኪሞቹ ክንዶቹን ሊቆርጡ የሚሞክሩበትን ክፍል ተጠንቀቁ። ሬይሚ ከዚህ በፊት አስፈሪ ፊልም ሠሪ ነበር፤ እዚያ ላይ አመሉ አገርሽቶበታል። መጋዙ ሲነሳ እህቴ እንኳ ፊቷን አዙራለች። የ2007ቱን ሦስተኛ ደግሞ ባለሱቁ ሳልጠይቀው ጨምሮ ጭኖልኛል። ክፉ ሰዎቹ በዝተውበታል፤ ጊዜ ካላችሁ ብቻ። ስታስጭኑ ደግሞ ቦታ እንዲቆጥብ ብለው የጨመቁትን ኮፒ እንዳይሰጧችሁ ጠይቁ። የሁለተኛው ብዙው ነገር ሌሊት ነው፣ በተጨመቀው ላይ ክንዶቹ ከጨለማው አይለዩም።